እጄ የማይመለስበት ስፌት

የስፌት መኪናዬን የሸጥኩት አምና ነው። የገዛችው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ መጋረጃ የምትሰፋ ሴት ናት፤ ባጃጅ ላይ ጭና ስትወስደው ደጄ ላይ ቆሜ ሸኘሁት። ጎረቤቶቼ ታለቅሳለች ብለው አጮልቀው ያዩኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። ዓይኔ ነጭ ክርን ከነጭ ጨርቅ መለየት ትቷል። ከአዲስ አበባ ደግሞ በኮምፒውተር የተጠለፈ የካህናት ልብስ በላስቲክ ታሽጎ መምጣት ከጀመረ ቆየ፤ እኔ አንድ ጠርዝ ጠልፌ እስክጨርስ የኮምፒውተሩ መኪና የአንድ ደብር ካህናትን አልብሶ ይጨርሳል። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ብዬ መቀሴን ሰቀልኩ።

ሥራ የጀመርኩት ከቤተ ክርስቲያን ጋር በማይገናኝ ቦታ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ለገሃሬ፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር ተወልጄ የባቡር ጥሩምባ እየሰማሁ አደግኩ። ትምህርቴን ስጨርስ ፋብሪካ ገብቼ የሠራተኛ ቱታ መስፋት ያዝኩ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ ስለሱ ይህ ይበቃል። እዚያ የተማርኩት ፍጥነት ነው። ቱታ ሲጠብ ይመለሳል፣ ሲቀደድ ይጣላል፤ ስለ ቱታ የሚያዝን ሰው የለም።

ጋሽ ተካልኝ ቤት የገባሁት እናቴ ለምናልኝ ነው። ጋሽ ተካልኝ በከተማችን የካህናት ልብስ የሚሰፉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው ነበሩ። ከደጋ የመጡት ዲያቆን ሆነው ነው። ኑሮ ለማቃናት የባቡሩ ጥገና ክፍል ገብተው የአንደኛ ማዕረግ ወንበር ልብስ ሲሰፉ ወይዘሮ ዘነበችን አዩ። ወይዘሮ ዘነበች ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያላት ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባትን ያገባ ዲያቆን ድቁናው ይቀራል። ጋሽ ተካልኝ ሕጉን አሳምረው ያውቁታል፤ አውቀውት አገቧት።

ሲቀልዱ፣ «መቅደሱን ሰጥቼ ዘነቡን ተቀበልኩ፤ አልከሰርኩም» ይሉ ነበር፣ እሷ እየሰማች። እሷም «እኔ ነኝ የከሰርኩት፣ ቤቱን ሙሉ ክር አደረጉብኝ» ትላለች። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አንድ ነገር አይባቸው ነበር። ካህን መስቀል ሲያሳልም ጋሽ ተካልኝ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ብቻ ዘለግ አድርገው ይሳለማሉ። እጃቸው ራሳቸው የሰፉትን ልብስ በስሕተት እንዳይነካ ነው። አሳዘነኝ፤ ሳላስበው ልማዱ ወደ እኔም ተጋባ፣ እስከ ዛሬም አለ።

ይህ የሥራችን ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ላብራራው። ካህን ለቅዳሴ ሲገባ የሚለብሰው ሁሉ፣ ቀሚሱም ካባውም አክሊሉም፣ አንድ ላይ «ልብሰ ተክህኖ» ይባላል። የክህነት ልብስ ማለት ነው፤ መጽሐፍ ብትጠይቁ ከዚህ ብዙም አይጨምርላችሁ። ጋሽ ተካልኝ ግን በሱቃችን ውስጥ ይህን ቃል ማንም እንዲጠራ አይፈቅዱም ነበር። አንዷ ደንበኛ «ልብሰ ተክህኖው ደረሰ ወይ?» ብላ ከገባች፣ «እዚህ ያለው ጨርቅ ነው እመቤቴ፤ እርስዎ የሚሉት እዚያ ነው» ብለው በአገጫቸው ወደ ደብሩ ያሳዩዋታል። ቃሉ የሚገባው ልብሱ ተጸልዮበት፣ ተባርኮ አገልግሎት ሲጀምር ነው። ከዚያች ቀን ወዲያ ደግሞ ያልተካነ እጅ አይነካውም። የሰፋው እጅ ቢሆንም አይነካውም።

የሌላ ልብስ ሰፊ ደንበኛ ይመለሳል፤ ጠበበኝ፣ ረዘመብኝ፣ ቁልፉ ወለቀ ይላል። የእኛ ሥራ ከበሩ ከወጣ አይመለስም።

መጋላ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ራሕመት የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ይህን ስነግራት ብዙ ሳቀች። «አቦ የሺ፣ የእኛ ሐጅ የሚሄደው ወንድ የሚለብሰው ኢሕራም ጭራሽ ስፌት የለውም፤ የእናንተው ደግሞ ስፌት በስፌት ሆኖ ሰፊዋ አትንካው ይሏታል። ወላሂ እኔ ብሆን ሥራ እቀይር ነበር» አለችኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ለካህናት ብዬ የምገዛውን ጨርቅ ከወለል አታስነካውም፤ ጭኗ ላይ ዘርግታ ነው የምትለካልኝ።

ጋሽ ተካልኝ የሚሠሩበት መንገድ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነበር። ደህናውን ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት በአቡጀዲ አንድ ቀሚስ ይሰፋሉ። እሱን ለብሰው በድሬዳዋ የቀትር ሙቀት፣ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ቀኝ እጃቸውን መስቀል እንደያዘ ሰው ዘርግተው ይቆማሉ። ዜማም ያዜማሉ፤ ደረት በዜማ ስንት እንደሚሰፋ የሚታወቀው ተዜሞ ነው ይሉ ነበር። ላቡ የት እንደወረደ፣ ጨርቁ የት እንደያዛቸው በደረቅ ሳሙና አስምሬ እንዳሳይ ያዙኛል። ገበሩን ሁልጊዜ ጥጥ ያደርጉታል፤ ሳቲን ደጋ ላይ ያምራል፣ እዚህ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል። ስፌቱ ውስጥ ሰፋ ያለ ትርፍ ይተዋሉ። ክራቸውንም ከጨርቁ ደከም ያለ ይመርጣሉ።

ይህ የመጨረሻው መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ጠንካራ ክር ነው የሚመሰገነው። ስጠይቃቸው፣ «አንድ ቀን መበጠሱ አይቀርም። ክር ከተበጠሰ ዲያቆኑ ይሰፋዋል፤ ጨርቁ ከተቀደደ ግን ማን ይደርስለታል? የሚፈታውን እጅ አስበሽ ስፊ» አሉኝ። በየልብሱም ውስጥ ከዚያው ክር ትንሽ ጠቅልለው ከመርፌ ጋር ይልኩ ነበር።

ሰማሁ እንጂ አልገባኝም። የመጀመሪያውን ቀሚስ ብቻዬን እንድሰፋ የፈቀዱልኝ አዲስ ለተካኑ ቄስ ነበር። ዛሬ አባ ወልደ ዮሐንስ የምንላቸው ናቸው፤ ያኔ ጢማቸው ገና ያልሞላ ጎልማሳ ነበሩ። ራሕመት የሰጠችኝ ጥቁር ቀይ ግምጃ እንዲያምርልኝ ብብቱን ጠበብ፣ ገባ አድርጌ ቆረጥኩት፤ ልክ እንደ ቱታ፣ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል። ክሩንም በፋብሪካ አመሌ ጠንካራ መረጥኩ። ጋሽ ተካልኝ አሟቸው ተኝተው ስለነበር አላዩትም። እኔም በአቡጀዲ አልሞከርኩም፤ ምን አባቱ፣ ለክቼዋለሁ አልኩ።

በደብሩ ንግሥ ዕለት ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ ቄሱ ሊባርኩ መስቀሉን ከፍ አደረጉ። ካባቸው ወደ ኋላ ሸሸ። ከብብታቸው ሥር ግምጃው ተከፈተና ነጩ ገበር ወጣ። ክሩ አልተበጠሰም፤ ጨርቁ ነው ከክሩ አጠገብ የተቀደደው። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች እልልታቸውን አላቋረጡም።  ጋሽ ተካልኝ ከበሽታቸው ተነሥተው መጥተው ነበርና አዩት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ በመንገድ ላይ «አሁን በእኔና ባንቺ እጅ የለም» ብቻ አሉ።

ዲያቆናቱ እንደሆነላቸው ጣጣፉት። እነሱ ምን ያድርጉ፣ ትርፍ አልተውኩላቸውም። ያ ቀሚስ ለብዙ ዓመት ተለብሷል፤ ድሃ ደብር ነበርና ሌላ የማሰፋት አቅም አልነበረውም። ጋሽ ተካልኝ ከዚያ ግምጃ የተረፈውን ቁራጭ ከመኪናዬ በላይ ምስማር ላይ ሰቀሉት። አዲስ ጨርቅ በዘረጋሁ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ። በኋላ በኋላ ስለ ውርደቴ ማሰብ ትቼ አስቀድሜ የማስበው ስለሚዘረጋው እጅ ሆነ። ሰፊ የሆንኩት በዚያ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ጋሽ ተካልኝ ሲያርፉ ወይዘሮ ዘነበች መቀሱንና ያን ቁራጭ ሰጠችኝ። «ይሄን ለሷ፣ ለሌላ እንዳይሆን ብለዋል» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም ነበር። እኔም ከምስማር ወደ ሳጥን አዛወርኩት።

አባ ወልደ ዮሐንስ በከተማችን ተወዳጅ ካህን ሆኑ። ሲባርኩ ከሌሎቹ ይለያሉ። መስቀሉን ከፍ አያደርጉም፤ ክርናቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ከእጅ አንጓቸው ብቻ ነቅነቅ አድርገው ይባርካሉ። ሴቶቹ «ትሕትናቸው!» ይላሉ። ወጣት ካህናትም ትሕትና መስሏቸው ይህንኑ ወሰዱ፤ በደብራችን ክርን አጣብቆ መባረክ ወግ ሆነ። ሐረር የሄደ አንድ ቄሳችን እንደዚያ ሲባርክ «ጎንህን ያምሃል ወይ?» ብለው ጠየቁት ሲባል ስቀናል። እኔም ከሁሉ ጋር ትሕትናቸውን አደንቅ ነበር።

መኪናዬን በሸጥኩ በወሩ አባ ወልደ ዮሐንስን ሕመም ጣላቸው። ሲነሡ ቀኝ እጃቸው ሰለለ። በሕክምናና በመታሸት ትንሽ ትንሽ መለሰላቸው፤ እጃቸውን ወደ ጎን እስከ ትከሻቸው ድረስ ማንሣት ቻሉ፣ ወደ እጅጌ ግን አልገባ አለ። በዚያው ሰሞን አንድ ምእመን ለደብሩ ካህናት ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ልብሰ ተክህኖ ከአዲስ አበባ ገዝቶ አበረከተ። የሁሉም ተባረከ፤ የእሳቸውም አብሮ። ያማረ ነው፣ አልዋሽም። ግን እጅጌው ጠባብ ነው፣ ትርፉም የጥፍር ያህል ነው።

ንግሡ ሲቃረብ ቄስ ሰሎሞን ቤቴ መጡ። ቄስ ሰሎሞን የደብሩን ዕቃ ቤት የሚጠብቁ፣ መልካ ጀብዱ ላይ ማሳ ያላቸው፣ ከአንገታቸው ውፍረት የተነሣ የቀሚሳቸው ቁልፍ የማይዘጋላቸው ሰው ናቸው። አባ ወልደ ዮሐንስ ንግሡን ከሕዝብ ጋር በነጠላ እቆማለሁ ማለታቸውን ነገሩኝ። ካህናቱ እናልብስዎ ሲሏቸው፣ እጄን ጠምዝዛችሁ ከምታስገቡ ተዉኝ፣ የኔ አገልግሎት እዚህ ላይ አብቅቷል ብለው አልቅሰዋል። ቄስ ሰሎሞን ይህን ሲያወሩኝ ራሳቸውም ዓይናቸውን ጠረጉ።

አዲስ ልስፋላቸው አልኩ። ዓይንሽስ? መኪናሽስ? አሉኝ። እውነት ነው፣ ቀኑም አይበቃም። ያለው ልብስ መፈታት አለበት፤ የሚፈታው ደግሞ የእኔ እጅ አይደለም።

«እርስዎ ነዎት የሚሰፉት» አልኳቸው።

ቄስ ሰሎሞን እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «እኔ? እኔ ጆንያ እንኳ ሰፍቼ አላውቅም፣ እማማ የሺ» አሉ።

ከእጅጌው ሥር ገብቶ የሚያሰፋው ጨርቅ ፍለጋ ራሕመት ዘንድ ሄድኩ። ነጭ ሳቲን በነፃ ቆርጣ ሰጠችኝና «ለሽማግሌው ነው፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» አለች። ነጩን ይዤ ስመለስ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሳጥኔን ከፍቼ ቀዩንም ቁራጭ ጨመርኩ። ወፍራም ነው፣ ጥጥ አለበት፣ ላብ ይይዛል። ሁለቱንም ይዤ፣ ቄስ ሰሎሞን ልብሱን ይዘው ወደሚጠብቁኝ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሄድኩ።

አባ ወልደ ዮሐንስም ተለምነው መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ሁለቱን ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ አደረግኩና ነጩ ከልብሱ ጋር እንደሚሄድ ነገርኳቸው። በግራ እጃቸው ነጩን ገፋ አድርገው ቀዩን ዳበሱት። 

«ይሄን አውቀዋለሁ» አሉ።

አፈርኩ። የዚያ ቀሚስ ቁራጭ መሆኑን፣ ያኔ በወጣትነቴ ያበላሸሁት መሆኑን ተንተባትቤ ተናገርኩ።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፣ «በዚያ ንግሥ ማግሥት ተካልኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው፣ ሥራ ልትተው ነው አለኝ። እኔ ምን ልበለው? እጄን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር የተጣጣፈው ይታያል፤ አንቺ ደግሞ በየሰንበቱ ሴቶቹ መሐል ቆመሽ ታዪኛለሽ። ክርኔን አጣበቅኩ። እስኪለመድ ነው ብዬ ነበር፣ ለመደብኝ።»

ቄስ ሰሎሞን መጀመሪያ ሳቁ። «ታዲያ እኛ የተማርነው…?» ብለው ክርናቸውን አዩና ሳቃቸው ቀረ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። መኪናዬ ሲሸጥ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩት። ያን ሁሉ ዓመት እኔ ለእሳቸው ስል ስጠነቀቅ፣ እሳቸው ለእኔ ሲሉ ክንዳቸውን አስረው ኖረዋል።

«ቀዩን አድርጉልኝ» አሉ አባ።

ሥራው ከጠበቅኩት በላይ ከባድ ነበር። ቄስ ሰሎሞን ልብሱን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀመጡ፤ እኔ ወዲህ። ፊት ለፊቴ፣ ዓይኔ እንዲለየው በጥቁር ክር፣ ልክ እንደዚያ እጅጌ አድርጌ በእጄ የሰፋሁት አቡጀዲ አለ። እኔ በአቡጀዲው ላይ አንድ ስፌት ስፈታ እሳቸው በልብሱ ላይ አንድ ይፈታሉ። እኔ ስወጋ ይወጋሉ። ቀዩን ቁራጭ በቅጠል ቅርጽ ቆርጬ፣ ጠርዙን ዘምዝሜ አዘጋጅቼው ነበር፤ የደብሩ አስተዳዳሪ ጸሎት አድርገውበት ለቄስ ሰሎሞን ሰጧቸው። ከዚያ ወዲያ እሱም ከእጄ ወጣ።

ቄስ ሰሎሞን ጣታቸውን ስንት ጊዜ እንደወጉ እግዚአብሔር ይወቀው። መርፌው በወፍራም ጣታቸው መሐል ይጠፋባቸው ነበር። አንዴ ክሩ ተቋጥሮ ሲያዝባቸው የእኔ እጅ ሳላዘው ጠረጴዛውን ተሻግሮ ሄደ። መለስኩትና ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። አባ ወልደ ዮሐንስ ከወንበራቸው ሆነው አይተውኝ ፈገግ አሉ። «ይላላ፣ አያጥብቁት፣ ነገ ሌላ ይፈታዋል» እያልኩ በአፌ ብቻ ሰፋሁ። ድምፄ የጋሽ ተካልኝን እየመሰለ መምጣቱን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስፌቱ ተጠማዟል፤ ሱቄ ቢሆን አስፈታው ነበር። ያን ቀን ግን እንደዚያ የወደድኩት ስፌት የለም።

ሲያልቅ ቄስ ሰሎሞንና አንድ ዲያቆን አለበሷቸው። ቀኝ እጃቸው ሳይጠመዘዝ፣ ሳይታገል ገባ። አባ ቀዩን በግራ እጃቸው ደግመው ዳበሱት።

የንግሡ ዕለት ሴቶቹ መሐል፣ በዚያ የድሮ ቦታዬ ቆምኩ። ካህናቱ ሁሉ አዲሱን ነጭ ለብሰው ወጡ፤ አባ ወልደ ዮሐንስ በስተመጨረሻ፣ በዝግታ። ሕዝቡ እንደማያገለግሉ ሰምቶ ስለነበር እልልታው በረታ። መስቀሉን ይዘው ቆሙና ክርናቸውን ከጎናቸው አላቀቁ። እጃቸው ቀስ እያለ እስከ ትከሻቸው ወጣ፣ ትንሽም ከዚያ አለፈ። ካባው ሸሸ፤ ከነጩ ሥር ቀዩ በአደባባይ ታየ። አልደበቁትም። አጠገቤ ያለችው ሴት «አዲስ ፋሽን ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መስቀል ሊያሳልሙ ሲመጡ ተራዬን ጠበቅኩ። እንደ ልማዴ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ አንገቴን ዘለግ አድርጌ ተሳለምኩ። ቀና ልል ስል አባ ወልደ ዮሐንስ እጃቸውን አላነሡም። ደክሟቸዋል፤ ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ መስቀሉ ግንባሬ ላይ ይርገበገባል።

«ደከመኝ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ትንሽ ተሸከሚልኝ።»

ክንዳቸውን በሙሉ ክብደቱ ትከሻዬ ላይ አሳረፉት። እጅጌው ፊቴ ላይ ወረደ። ነጩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቀዩ ሻካራ ነው፣ የቄስ ሰሎሞን ጠማማ ስፌት ጉንጬን ቧጠጠኝ። እጄን ከኋላዬ እንዳጣመርኩ፣ ሳልነቃነቅ፣ ድካማቸው እስኪወጣላቸው ድረስ ቆምኩ።